ጥላው የማን ነው?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር ለአንባቢያን የተዘጋጀ)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬውን ንግግራችንን የምንጀምረው ከራሳችን ስህተት ነው።

እዚህ ድሬዳዋ በምናሰግድበት መስጂድ ግቢ፣ ከመንገዱ ጥግ፣ ሁለት ትልልቅ የኒም ዛፎች ነበሩ። ማን እንደተከላቸው የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመስጂዱ ኮሚቴ በቦታው ላይ ሱቆች ሠርቶ ለማከራየትና ኪራዩን ለመድረሳው ለማዋል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ መልካም ነበር። የኡስታዞቹ ደሞዝ በጊዜው አይከፈልም ነበርና እኛም ሳናመነታ ተስማማን። እንዲያውም ጀማዓው በገንዘቡ እንዲያግዝ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ የቀሰቀስነው እኛው ነበርን። ዛፎቹ በአንድ ቀን ተቆረጡ። ሱቆቹ ተሠሩ፤ ኪራዩም እስከ ዛሬ ለመድረሳው እየዋለ ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ።

ግንቦት ሲገባ ግን ያላሰብነው ነገር መጣ። በጁሙዓ ቀን ከመስጂዱ ሞልቶ የሚተርፈው ሰጋጅ ቀድሞ ሰፉን የሚይዘው በዛፎቹ ሥር ነበር። አሁን ፀሐይ ባጋለው ሲሚንቶ ላይ ቆመ። አንድ አባት ኹጥባው ሳያልቅ ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ አላህ አተረፋቸው። ከጤና ጣቢያ ሕፃን አዝለው የሚመለሱ እናቶች አረፍ የሚሉበት ቦታ ጠፋ። በዛፎቹ ሥር ተቀምጠው ሎሚ ይሸጡ የነበሩ አንዲት እናት አንድ ቀን አስቆሙንና፣ «ሼኻችን፣ ሱቁ የመስጂዱ ነው፤ እሺ። ጥላው ግን የማን ነበር?» አሉን። መልስ አጣን።

የዛሬው ርዕሳችን ይኸው የእኒያ እናት ጥያቄ ነው። ዛፍን የምናየው ብዙውን ጊዜ እንደ ግንድ፣ እንደ ማገዶ ወይም ቦታ እንደያዘ ነገር ነው። ባለቤቱ ያለበት ቦታ ባለቤት ነው ብለን እናስባለን። የዛፉ ጥቅም ግን ከአጥሩ አልፎ ለማናውቀው ሰው ይደርሳል። ስንቆርጠውም ጉዳቱ የሚያርፈው በዚያው በማናውቀው ሰው ላይ ነው።

ጥላ የሰዎች መብት ነው

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች በሚመላለሱበት መንገድና በሚጠለሉበት ጥላ ላይ መጸዳዳትን እርግማን ከሚያስከትሉ ሥራዎች ቆጥረውታል። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል። ጥላን ማቆሸሽ ይህን ያህል ከከበደ፣ ጥላውን ጨርሶ ማጥፋትስ?

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ሲድርን፣ ማለትም እኛ ቁርቁራ የምንለውን ዛፍ፣ ስለሚቆርጥ ሰው ብርቱ ማስጠንቀቂያ መጥቷል። አቡ ዳውድ ራሳቸው ይህን ሲያብራሩ፣ ነገሩ መንገደኛና እንስሳት የሚጠለሉበትን የበረሃ ዛፍ ያለ አግባብ የሚቆርጥን ሰው የሚመለከት ነው ብለዋል። ልብ እንበል፦ ያ ዛፍ በማንም ጓሮ ውስጥ የበቀለ አይደለም። ያከበረው በሥሩ የሚያርፈው መንገደኛ ነው።

ዛፍ ሙቀትን እንዴት ያበርዳል?

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች የቆላ ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በእኩለ ቀን በከዚራ ዛፎች ሥር የሄደ ሰው ወደ ገላጣው መንገድ ሲወጣ ልዩነቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልገውም።

ዛፍ ሙቀትን የሚያበርደው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ግልጽ ነው፤ ፀሐዩን ይከልላል። ጥላ ያረፈበት አስፋልት ወይም ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከሚመታው ይልቅ ከ11 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊቀዘቅዝ እንደሚችል ተለክቷል። ቀን ያልጋለ ግድግዳ ደግሞ ሌሊት ሙቀት አይተፋም። ስለዚህ በጥላ ሥር ያለ ቤት ሕፃናትና አረጋውያን እንቅልፍ የሚያገኙበት ቤት ነው።

ሁለተኛው መንገድ በዓይን አይታይም። ዛፍ በሥሩ የመጠጠውን ውሃ በቅጠሎቹ ቀዳዳዎች በኩል በተን አድርጎ ያወጣዋል። ውሃ ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። የገንቦ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ እናውቃለን፤ ከሸክላው ላይ የሚተንነው ርጥበት የውስጡን ሙቀት ስለሚወስደው ነው። ዛፍም እንደዚያው በዙሪያው ያለውን አየር ያበርዳል። የቆርቆሮ ዳስ ጥላ ቢሰጥም ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ እንዲያውም ቆርቆሮው ራሱ ግሎ ከሥሩ ያለውን ሰው ያግለዋል።

ሙቀት የሚገድል ነገር መሆኑን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን። እ.ኤ.አ. በ2024 (በ1445 ሒጅራ) ሐጅ ወቅት በመካ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ አልፎ ነበር። 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ ባለሥልጣናት አስታውቀዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከአሥሩ ከስምንት የሚበልጡት ያለ ፈቃድ የሄዱ፣ መጠለያ ሳይኖራቸው በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። በሌላ በኩል በዐረፋ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሐጃጆች እንዲጠለሉባቸው 50,000 ያህል ዛፎች ተተክለዋል። ዛፎቹ ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? ኒም ናቸው። እኛ ለሱቅ ብለን የቆረጥነው ዛፍ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አንለፍ። በሙቀት የተመታ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይደክመዋል። ሲብስ ሰውነቱ ይግላል፣ ንግግሩ ይዛባል፣ ራሱን ይስታል። ቶሎ ወደ ጥላ ማንሳት፣ ልብሱን ማላላት፣ ሰውነቱን በውሃ ማርጠብና ማራገብ ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ ማፍሰስ አይገባም፤ ሊታነቅ ይችላል። ንግግሩ የተዛባ ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መውሰድ ግድ ነው። ይበልጥ የሚጎዱት አረጋውያን፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የልብ፣ የኩላሊትና የስኳር ሕመምተኞች እንዲሁም በፀሐይ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ናቸው።

ጎርፉ የመጣው ከላይ ነው

ሙቀት በየዓመቱ የሚመጣ ነው። አሁን ደግሞ በአንድ ሌሊት ስለመጣው እንናገር።

ለእሑድ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት ሰዓት፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ወደ ከተማችን ገባ። ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በዚያ ሌሊት ግን ግንድና ቋጥኝ የሚያንከባልል ጎርፍ ሆኖ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ወደ 10,000 የሚጠጉትን ከቤታቸው አፈናቀለ። በዚያ ሰሞን ስንት ጊዜ ለጀናዛ ሰላት እንደቆምን የከተማችን ሰው አይረሳውም።

ውሃው ከየት መጣ? ከላይ፣ ወደ ሐረር ስንወጣ ከምናልፈው ከደንገጎና ከአካባቢው ተራሮች ነው። በደን የተሸፈነ ተራራ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ጠብታው መጀመሪያ የሚያርፈው በቅጠል ላይ ነው። ከቅጠል ወደ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፍ ወደ መሬት እየተንጠባጠበ ይወርዳል። መሬት ላይ የረገፈው ቅጠል እንደ ስፖንጅ ይቀበለዋል። ሥሮቹ በአፈሩ ውስጥ የከፈቷቸው ቀዳዳዎች ወደ ታች ያሰርጉታል። የተረፈው ውሃም ቢሆን ዘግይቶና ተከፋፍሎ ወንዝ ይደርሳል። በተራቆተ ተራራ ላይ ግን ጠብታው አፈሩን በቀጥታ ይመታዋል፤ የደቀቀው አፈርም ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ውሃው መግቢያ ሲያጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ አፈርና ድንጋይ ይዞ ይወርዳል። ያው አንድ ዝናብ ነው፤ አወራረዱ ግን እንደ መሬቱ ይለያያል።

እዚህ ላይ እውነቱን ሙሉ በሙሉ መናገር ይገባናል። ዛፍ ብቻውን ሁሉንም ጎርፍ አያቆምም። እጅግ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣና አፈሩ ውሃ ሲጠግብ ከደንም ቢሆን ጎርፍ ይወርዳል። ከ1998ቱ አደጋ በኋላ በወንዙ ዳር የተሠሩት የመከላከያ ግንቦች አስፈላጊ ናቸው። በወንዝ ሆድ ውስጥ ቤት አለመሥራትም አስፈላጊ ነው። የዛፍ ድርሻ የብዙዎቹን ጎርፎች ጉልበት መቀነስና ግንቡ የሚችለውን ያህል ብቻ እንዲመጣበት መርዳት ነው።

ሌላም አለ። የዛፍ ሥር ዳገትን አስሮ ይይዛል። ዛፉ ሲቆረጥ ሥሩ ወዲያው አይሞትም፤ ከመሬት በታች ለጥቂት ዓመታት ቀስ እያለ ይበሰብሳል። ስለዚህ ዳገቱ በተቆረጠበት ዓመት ላይንሸራተት ይችላል። ቆራጩ «ይኸው ምንም አልሆነም» ይላል። አደጋው ሲመጣ ግን ቆራጩም የተቆረጠበት ቀንም ተረስተዋል። በዳገት ሥር የምትኖሩ ወገኖች፣ መሬቱ ከተሰነጠቀ፣ ዛፍና ምሰሶ ካዘነበለ፣ ምንጩ ድንገት ከደፈረሰ፣ በዝናብ ጊዜ እዚያ አትደሩ።

ወደ መሬት የሰረገው ውሃስ የት ይሄዳል? ከተማችን የምትጠጣው ሳቢያን ካሉት ጉድጓዶች ጭምር የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በላይ ያለው መሬት ዝናቡን ካልጠጣ በታች ያለው ጉድጓድ ከየት ይሞላል? በክረምት የሚያጥለቀልቀንና በበጋ ጄሪካን የሚያሰልፈን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የመርከቧ ሰዎች

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቡኻሪ በተዘገበ ሐዲስ አንድ ምሳሌ ሰጥተውናል። ሰዎች በአንድ መርከብ ዕጣ ተጣጥለው ከፊሉ ከላይ፣ ከፊሉ ከታች ሆነ። ከታች ያሉት ውሃ ለመቅዳት በላይኞቹ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። ላይኞቹን ከምናስቸግር በራሳችን ድርሻ ቀዳዳ እንክፈት አሉ። ዝም ቢሏቸው ሁሉም ይጠፋሉ፤ እጃቸውን ቢይዟቸው ሁሉም ይድናሉ።

ቀዳዳ የከፈቱት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ውሃ ተቸግረው ነው። በተራራው ላይ ዛፍ የሚቆርጠው ወገናችንም እንዲሁ ነው። አህያውን ከሰል ጭኖ ሌሊት የሚወርደው አባት፣ ወገቧ እስኪጎብጥ ማገዶ የምትሸከመው እናት ልጆቻቸውን ለማብላት ነው የሚደክሙት። እነሱን መስደብ ቀላል ነው። ከሰሉን የሚገዛው ግን ማን ነው? እኛ ከታች ያለነው ነን። የምናነደው ከሰል ተመልሶ ጎርፍ ሆኖ ይመጣብናል። ስለዚህ የመርከቧን ቀዳዳ የምንከፍተው ከላይም ከታችም ሆነን በጋራ ነው።

አንድ ኪሎ ከሰል በተለመደው የአፈር ክምር ለማክሰል አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ይፈጃል። እንጀራ በሦስት ጉልቻ ከምንጋግር «ምርጥ» በሚባለው የተሻሻለ ምድጃ ብንጋግር የማገዶውን ግማሽ ያህል እናተርፋለን። ለከሰልም «ላቀች» የሚባለው ምድጃ አለ። ትርፉ ለዛፉ ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ማገዶ የቀነሰ ቤት የእናቶችንና የሕፃናትን ሳንባ ከጢስ፣ ተራራውን ከመጥረቢያ ያሳርፋል። መብራት ባለበት በኤሌክትሪክ መጋገር ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ስለ መትከል ብዙ ተብሏል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በየክረምቱ በአገር ደረጃ የችግኝ ዘመቻ ይካሄዳል፤ መልካም ሥራ ነው። ሙስሊም የተከለው ተክል ሰውም፣ ወፍም፣ እንስሳም ሲበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ነገር ግን ዛሬ የተተከለ ችግኝ ትላንት የተቆረጠውን ዛፍ የሚተካው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ከመትከል በፊት የቆመውን ማቆየት ይቀድማል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

አንደኛ፣ ዛፍ ከመቁረጣችን በፊት እንጠይቅ፦ በዚህ ዛፍ ሥር የሚያርፈው ማን ነው? ቢቆረጥ ውሃው ወደ ማን ይወርዳል? ግንባታውን ሁለት ሜትር ብናዞረው ዛፉ ይተርፋል? የደረቀ ቅርንጫፍ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ከሆነ ሥጋታችን፣ ቅርንጫፉን ብቻ መቁረጥ አይበቃም? ለኤሌክትሪክ ሽቦ የተጠጋ ከሆነ ግን ማንም በራሱ አይንካው፤ የመብራት ባለሙያ ይጠራ።

ሁለተኛ፣ መስጂዶቻችን፣ መድረሳዎቻችንና የመቃብር ቦታዎቻችን የአካባቢው ጥላ ይሁኑ። ጀናዛ የሚሸኝ ሰው በፀሐይ ቆሞ መጠበቁ ይብቃ። የወቅፍ ቦታ ሲታሰብ ኪራይ ብቻ አይታሰብ፤ ጥላም ወቅፍ ነው።

ሦስተኛ፣ የዉዱእ ውሃችንን እንጠቀምበት። በየቀኑ አምስት ጊዜ ከቧንቧዎቻችን የሚወርደው ውሃ ወደ ቦይ ፈስሶ ይጠፋል። በትንሽ ቦይ ወደ ዛፍ ሥር ብንመራው በቆላ አገር ችግኝ በበጋ የሚደርቅበት ምክንያት አይኖርም።

አራተኛ፣ የምንተክለውን እንምረጥ። በፍጥነት ስለሚያድግ ብቻ ዛፍ አይመረጥም። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ለጥቅም ተብሎ መጥቶ በአፋርና በአካባቢያችን የግጦሽ መሬት ወርሮ አርብቶ አደሩን አስለቅሷል። ለጥላ ኒም፣ ግራር፣ ቁርቁራና ሁመር ለቆላችን የተሞከሩ ናቸው።

አምስተኛ፣ በላይ ያሉት ቀበሌዎች ተራራውን ከሰውና ከከብት ንክኪ ከልለው፣ እርከን ሠርተው ሲጠብቁ፣ እኛ ከታች ያለነው በጉልበትና በገንዘብ እንርዳቸው። እነሱ የሚጠብቁት የኛን ነፍስ ነውና።

ውድ አድማጮቻችን፣ ወደ መስጂዳችን እንመለስ። ከሱቆቹ ጀርባ በቀረችው ጠባብ ቦታ ሦስት የኒም ችግኞች ተክለናል። የዉዱእ ውሃ በቦይ ይደርሳቸዋል። የመድረሳው ልጆች ፍየል እንዳይበላቸው በተራ ይጠብቃሉ። ከልጆቹ አንዱን በቁመት በልጠውታል፤ ጥላቸው ግን ገና አንድ ሰው አያስጠልልም። ያ ራሳቸውን ስተው የወደቁ አባት አሁን ለጁሙዓ ሲመጡ ወጣቶች ተነሥተው የውስጥ ቦታ ይለቁላቸዋል። ሎሚ የሚሸጡት እናት በጃንጥላ ሥር ይቀመጣሉ። በፊታቸው ስናልፍ ሰላምታችንን ይመልሳሉ፤ ጥያቄውን ግን ደግመው አልጠየቁንም።

መልሱን እኛ እንናገር፦ ጥላው የእርስዎ ነበር፣ እናታችን። የእርስዎና የመንገደኛው፣ ሕፃን ያዘለችው እናት፣ ከወንዙ ዳር የሚተኛው ድሃ ነበር። እኛ ሳንጠይቃችሁ ቆረጥነው። አውፍ በሉን።

አላህ (ሱ.ወ.) ያጠፋነውን የምናስተካክል፣ የቆመውን የምንጠብቅ ያድርገን። በጎርፍና በሙቀት ያለፉ ወገኖቻችንን በእዝነቱ ይቀበላቸው። ከተሞቻችንንና ተራሮቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወስ-ሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።